መሃል ሰፋሪዋ ልብስ ሰፊ

ቤቷ ከዳቦ ቤቱና ከሰዓት ጠጋኙ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ ስላጠረ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። ሰፈርተኛው «እትዬ መሃል» ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና በወጣትነቷ ነው። አንድ ነገረኛ ደንበኛ ሱሪውን እየለካ፣ «ይህቺ ሴት ልብስ ሰፊ ብቻ መሰለቻችሁ? መሃል ሰፋሪም ናት እኮ!» ብሎ ሲቀልድ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሷም አብራ ሳቀች። ቅጽል ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ።

ነገሩ የምርጫ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ የመብራት ምልክት ያለው ፓርቲ ደጋፊ፣ ግማሹ የቁልፍ። ሰው ልጁን ሲድር እንኳ «አማቾቹ መብራት ናቸው ቁልፍ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። እሷ ግን የአንዱንም የአባልነት ካርድ ይዛ አታውቅም። የሁለቱንም ሰንደቅ ትሰፋለች፣ ክርክር ሲነሳ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ታዳምጣለች። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ምልክቱን ትታ ሰውየውን አይታ ትመርጣለች።

ይህን ያወረሰቻት እናቷ ናት። መጀመሪያ ድምፅ ልትሰጥ የሄደች ዕለት እናቷ መንገዱን ሙሉ እጇን ይዛት ነበር። ወረፋው ደርሷቸው መጋረጃው ጋ ሲጠጉ እጇን ለቀቀቻት።

«እማ፣ ማንን ልምረጥ?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አገባኝ? ከዚህ ወዲያ ብቻሽን ነሽ።»

እትዬ መሃል ያን ቀን ስታስታውስ አሁንም ፈገግ ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው የሆነች የመሰላት ያኔ ነበር።

ደግሞ የዚያን ጊዜ ተወዳዳሪ እንዳሁኑ በድምፅ ማጉያ እያንባረቀ በመኪና የሚያልፍ አልነበረም። በእግሩ እየዞረ በር ያንኳኳል፣ ሻይ ቢሰጡት ይጠጣል፣ ቢሰድቡትም ይችላል። ወደ እሷ ቤት የሚገባ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ከሰፈሩ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። የተፈነቃቀለ፣ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ነበር። «በዚያ ደረጃ ወርደው ያውቃሉ?» ትላለች። አንዱ «እናስጠግነዋለን!» ይላል። ሌላው ስለ በጀት ያወራል። ጥያቄዋን የመለሰ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ዓመት ለከተማው ምክር ቤት በመብራት ምልክት የቀረበው ታላቅ ወንድሟ ሆነና አረፈው።

ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲናደድ ግን የሚፈራ ሰው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ማለት ይቻላል። ለቅስቀሳው የሚለብሰውን ኮት የሰፋችለትም እሷ ናት። ሲለካው መስታወት ፊት ቆሞ ትከሻውን እያየ፣ «እንግዲህ በከተማውም በክፍለ ሀገሩም ወረቀት ላይ መብራት መብራቱን ነው፤ አደራ!» አላት።

«ጋሼ፣ በደረጃው ወርደህ ታውቃለህ?»

«እህቴ አይደለሽም እንዴ? እኔንም እንደ ባዳ ትጠይቂኛለሽ?»

«መልስልኛ።»

«ከልጅነቴ ወዲህ አልወረድኩም» አለ። «ነገ ወርጄ አያለሁ።»

በማግስቱ እያነከሰ መጣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። «ለሽማግሌማ ገደል ነው!» አለና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እየሳቀች ቀዳዳውን ጠቀመችለት። ልቧም እዚያው ቆረጠ። ስንቱን ተወዳዳሪ ስትጠይቅ ኖራ፣ «አላውቅም» ብሎ ሄዶ ያየ እሱ ብቻ ነበር።

የምርጫው ዕለት ሁለት ወረቀት ተሰጣት። በከተማው ወረቀት ላይ ወንድሟን መረጠች። በክፍለ ሀገሩ ግን የመብራቱ ሰውዬ ከተመረጠ በኋላ ዓይኑ ያልታየ ስለነበረ ቁልፉ ላይ ምልክት አደረገች። አጣጥፋ ከተተችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወንድሟ ለጥቂት ተሸነፈ።

ወሬ እግር የለው ክንፍ የለው፣ ከተማውን ለማዳረስ ግን ጊዜ አልፈጀበትም። ከምርጫው በፊት የቁልፉ ተወዳዳሪ ካፖርቱን ሊያሰፋ እሷ ቤት ገብቶ ነበር። በቃ፣ ለነገረኛ ይህ ይበቃዋል፤ «እህቱ እንኳ ቁልፍን መረጠች» ተባለ። ጎረቤቷ አዋላጇ፣ ራሷ የቁልፍ ሰው ብትሆንም፣ እየሮጠች መጣችና፣ «ወንድምሽ ‹የተሸነፍኩት በእናቴ ልጅ ነው› እያለ ነው! ሂጂና እውነቱን ንገሪው!» አለቻት።

«ዛሬ ለወንድሜ ከነገርኩ ነገ ለባሌ፣ ከነገ ወዲያ ለደንበኛ ልነግር ነው» አለች እትዬ መሃል። «ድምፄ የራሴ ነው። ደግሞ እሱ ያሳደገኝ ሰው አይደለም? እንዴት ይጠረጥረኛል?»

ተቀየመች፤ እሱም ተቀየመ። የሁለቱም ግትርነት ከአንድ እናት የተወረሰ ነውና ሆድና ጀርባ ሆኑ። ለቅሶ ቤት ቢገናኙ እንኳ ሰላምታቸው አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም። ልብሱን ወደ ሌላ ሰፊ መውሰድ ጀመረ። በመስኮቷ በኩል ሲያልፍ ታየው ነበር፤ አዲሱ ኮቱ ትከሻው ላይ ይሰበሰባል። እጇ ይበላታል፣ ጠርታ ግን አትጠራውም።

እንዲህ ሆነው ሌላ ምርጫ ደረሰ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ወንድሟ ገባ። ሳይጋበዝ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷም መኪናውን አላቆመችም።

«ጣሉኝ» አለ።

«እነማን?»

«የኔዎቹ ናቸዋ። የሊቀመንበሩን አማች አቀረቡ። ሰፈሩን በሥዕል ካላሳዩት የማያውቀውን ሰው! እኔ ደግሞ ልቀሰቅስለት ነው አሉ።» ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ከዛሬ ጀምሮ እኔም መሃል ልሰፍር መጥቻለሁ።»

ያኔ መኪናውን አቆመች። «ግባ፤ መሃሉ ሰፊ ነው» አለችው።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ያ ከሩቅ የሚሰማ ሳቁ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷም በመዳፏ ፊቷን ጠረገችና፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኮ እኔ...» ብላ ጀመረች።

«ተይው!» አላት እጁን አንስቶ። «መርጬሃለሁ ካልሽኝ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አፍራለሁ። አልመረጥኩህም ካልሽኝ ደግሞ እንደገና እናደዳለሁ። ያቺ ነገር በሆድሽ ትቅር። ይልቅ ይህን ኮት እዪልኝ፤ ያ ሰውዬ ትከሻዬን አበላሽቶታል።»

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ለመስጠት ሁልጊዜ አብረው ይሄዱ ነበር። መንገዱን ሙሉ ይከራከራሉ፤ እሷ ስለ ከተማው፣ እሱ ስለ ክፍለ ሀገሩ። ምርጫው የሚካሄድበት ትምህርት ቤት በር ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሲወጡ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ደረጃውንም ቢሆን የጠገነው ተመራጭ አልነበረም። ወንድሟ የሰፈሩን ሰው አስተባብሮ የብረት መደገፊያ አስተከለለት፣ አምፖልም ራሱ ሰቀለበት። እሷ እንደምትለው በኑሮው ያሸነፈው ምርጫ ያ ነው።

አሁን ወንድሟም አዋላጇም የሉም። ዘንድሮ ወደ ምርጫው የወሰደቻት የወንድሟ ልጅ ናት። ልጅቷ መንገድ ላይ፣ «እትዬ፣ ሁሉም ያው ናቸው እኮ፤ ምን ያደክምሻል?» ብትላት፣ «ያው መሆናቸውን ቀርበሽ ጠይቀሽ ነው ወይስ ሰምተሽ?» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች።

ወረፋው ረጅም ነበር። አንድ ጎረምሳ፣ «እማማ፣ ወደ ፊት ይለፉ፤ ለምን ይቆማሉ?» አላት።

«ልቁም ልጄ። ወረፋ እወዳለሁ» አለችው።

እውነቷን ነው። ድሮ በዚህ ሰልፍ ቆማ ዙሪያዋን ስታይ የማታውቀው ፊት አልነበረም፤ ግማሹ የለበሰውም የሷን ስፌት ነበር። ዛሬ ከፊቷ የቆሙት ልጆች ሸሚዝ ሁሉ የሱቅ ነው፤ ፊታቸውም አዲስ ነው። ቢሆንም ከኋላዋ ሁለቱ ስለ ውሃ ቧንቧ ተሟግተው ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ዘወር ብላ ትንሽ አዳመጠቻቸው፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ወደ ፊት ተራመደች።