የአንዲት ተማሪ ርእሰ መምህር

መምህር ይመር አራጋው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ በልጃቸው ቤት ዐርፈዋል። ጄኔቭ ላለነው ወዳጆቻቸው ደውላ ያረዳችን ልጃቸው ዘይነባ ናት። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲመረምር የኖረ ጡረተኛ እንደመሆኔ፣ ከእኔ የባሰ ደንብ አክባሪ የማውቀው እርሳቸውን ብቻ ነው።

የልጅ ልጃቸው ሐናን፣ ቤት ውስጥ አፏ የማያርፍ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ዝም አለች። የክፍሏ ልጆች ሲሳለቁባት ጭራሽ ባሰባት። ዘይነባ ጨንቋት ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ልጅን ቤት ማስተማር እዚህ ይፈቀዳል?»

የዙሪክን ሕግ አንብቤ አስረዳኋት። ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ግን አስተማሪው በመምህርነት የሠለጠነ መሆን አለበት። መምህር ደሴ ላይ ትውልድ ያስተማሩበት ዲፕሎማ እዚህ ዕውቅና አልነበረውም።

«አንድ ዓመት ለሚያውቅበት ብዙ ነው፤ እኔው አስተምራታለሁ» አሉ መምህር።

በማግስቱ ሳሎኑ ትምህርት ቤት ሆነ። ከረባታቸውን አስረው የድስት ክዳን በማንኪያ እየመቱ ይደውላሉ። ሐናን ብቻዋን ትሰለፋለች፤ «ተራርቃችሁ ቁሙ!» ይሏታል። ስታጠፋ ደግሞ «ወላጅ ይዘሽ ነይ!» ብለው ያስወጧታል። ወላጅ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እጇን ጠርጋ አባቷ ፊት ትቀርብና «ይቅርታ መምህር፣ ሁለተኛ አይለምዳትም» ትላለች።

ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ዕለት ሕጉን ላስረዳ ከጄኔቭ በባቡር ሄጄ ነበር። ሐናን በዚያች ሴት ፊት ዝም ካለች ወደዚያው ወደሚሳለቁባት ክፍል መመለሷ ነው። ልጅቱ ደግሞ ያን ቀን ከመኝታ ቤቷ አረፈደች። መምህር የሳሎኑን በር ዘጉባት።

«ኧረ አባዬ፣ በአላህ! ዛሬ እንኳ?» አለች ዘይነባ።

«ደንብ ለእንግዳ ተብሎ አይታጠፍም።»

የውጭው በር ሲደወል ኮሪደር ላይ ቆማ የነበረችው ሐናን ከፈተች። ተቆጣጣሪዋ ለምን ከክፍል ውጭ እንደቆመች ጠየቀቻት። ከዚያ በተዘጋው በር የሰማነው መቋጫ የሌለው የሐናን ጀርመንኛ ነበር።

«ምን ትላለች?» አልኩ።

«አባዬን እየከሰሰች ነው» አለች ዘይነባ በሹክሹክታ። «ጥርሴን ስቦርሽ ነው ያረፈድኩት፣ እናቴም ከእሳቸው ጋር አብራለች ትላለች።»

ልከፍት ስነሣ መምህር እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ተዋት፤ ክሷን ትጨርስ።»

በመጨረሻ በሩን ከፈቱና ሁለቱንም ገላምጠው «አርፍዳችኋል፤ ግቡ!» አሉ። ሐናን ተረጎመች። ተቆጣጣሪዋ ይቅርታ ጠይቃ ገባች።

ዓመቱ ሲያበቃ፣ ቤት መማሯ እዚያ ይቀጥል እንደሆነ የጄኔቭን ሕግ እንድመረምር ሐሳብ አቀረብኩ። «አቶ መኮንን፣ ልጅቷን ልደብቃት አልያዝኳትም» አሉኝና እጇን ይዘው ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤት መለሷት።

መምህር ይመር፣ ትናንት ሐናን ማንም ሳያዛት ክፍሏ ፊት ቆማ ስለ እርስዎ ተናግራለች። «ጎበዝ ነበሩ፤ ግን በጣም ቁጡ» ብላ ልጆቹን አስቃ፣ ከዚያ እያለቀሰች ንግግሯን ሳታቋርጥ ጨርሳለች። አላህ በጀነት ያኑርዎ። ልጅቷ ትናገራለች፤ እርስዎ ይረፉ።