ቄስ ማሩ መስቀላቸውን ሊያስረክቡ የወረዱ ዕለት

ጉና ሥር የሚኖር ሰው ብርድ አያማርርም፤ አጎቴ ቄስ ማሩ ግን ያማርሩ ነበር። «ውርጩን ጋቢ ይመልሰዋል፤ የቤቱን ነው ያልቻልኩት» ይሉኝ ነበር፣ ከደብረ ታቦር ልጠይቃቸው በወጣሁ ቁጥር። እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ከተማ አስተምራለሁ። ጥምጣማቸውን የማጥበው፣ ስኳርና ሻማ የማደርስላቸው እኔ ስለነበርኩ ለሌላ ሰው ያልነገሩትን ለእኔ ነገሩኝ።

ሚስታቸው ወርቅነሽ የሞተችው ደርግ በወደቀ ማግስት፣ በመጀመሪያ ምጧ ነው። ሕፃኑም አልተረፈ። አጎቴ ያኔ ጢማቸው እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። ተራ ገበሬ ቢሆኑ ዓመቱ ሲዞር ዘመድ ተሰብስቦ ሌላ ይድርላቸው ነበር። ቄስ ግን የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ወይ ብቻውን ይኖራል፣ ወይ አግብቶ ክህነቱን ይተዋል። ከተወ በኋላ የሚያሳድደው የለም፤ ያርሳል፣ ይወልዳል፣ በዓል ያከብራል። መቅደስ ግን አይገባም፤ ጓደኞቹ ሲቀድሱ እሱ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል። በዚያ ላይ የእኛ ኪዳነ ምሕረት ድሃ ደብር ናት። ለቅዳሴ ሁለት ቄስ ያስፈልጋል፤ የነበሯትም ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም።

እናም አጎቴ ብቻቸውን ቀሩ። የአገራችን ሰው መቼም ምክር አያልቅበትም፤ «አይዞዎት አባ፣ ጸሎት ያበርታዎት» ይልና ወደ ሚስቱ ይሄዳል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብሎም ይተርታል። አብሮት የሚበላ ያጣውስ ምን ይሁን? እሳቸው ድንች በረመጥ ቀብረው፣ በጨው በልተው፣ ከበጎቻቸው ጋር ሲያወሩ ያመሹ ነበር። ሲቀድሱ ድምፃቸው እስከ ማዶ ይሰማል፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን «ደረስኩ» የሚሉት ሰው የለም።

ስርጉት ከባሏ ተፋትታ ከአንበሳሜ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው በዚህ መሃል ነው። የአባቷ ጓሮና የአጎቴ ጓሮ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። ሰው ክፉ እንዲያስብ አልፈልግም፤ አልተነካኩም። አጥሩ ሲወድቅ አብረው አቆሙት፣ ይኸው ነው። ግን በየቀኑ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «አባ፣ ዛሬስ ምን በሉ?» ትላቸው ነበር። ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ካጡ ብዙ ክረምት አልፏል።

«መክሊት፣ እኔን የጣለኝ መልኳ እንዳይመስልሽ፤ ምን በሉ ማለቷ ነው» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሰገዱ፣ ጠበል ገቡ፣ ጾሙን አጠበቁ። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ልባቸው አልተመለሰም። ድንቹ ተቆፍሮ ሲያልቅ ቆረጡ፤ ለስርጉትም ነገሯት። ቅዳሜ ወርደው የእጅ መስቀላቸውን ለደብሩ አለቃ ያስረክባሉ፤ ከዚያ ሽማግሌ ይልካሉ። ተደብቆ ከመበደል በግልጽ መተው ይሻላል ብለው ነው። በዚህ እኔ አልፈርድባቸውም።

ቅዳሜ ግን የደብረ ታቦር ገበያ ነው፤ የአለቃው ቤት ደግሞ ከታች፣ ከገበያው መንገድ ዳር ነው። አገሩ ሁሉ ከገበያ ሲወጣ እሳቸው ይወርዳሉ ማለት ነው። ይህ ሳያንስ መስቀሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከመሸሸግ ይልቅ እንደ ልማዳቸው በእጃቸው ይዘውት ወጡ። መስቀል የያዘ ቄስ አይቶ ሳይሳለም የሚያልፍ ሰው በእኛ አገር የለም። ቄሱም አይከለክልም፤ ከከለከለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

መጀመሪያ በቅሎ የሚነዱ ሰዎች ቆሙ። «ያሳልሙን አባ።» አሳለሙ፤ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። ጥቂት እንደወረዱ አንዲት አሮጊት መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አድርገው አልለቅ አሉ፤ ልጃቸው ታሞባቸው ነበር። ከዚያ በጉ ሳይሸጥለት የቀረ ገበሬ፣ ከዚያ እየተጨቃጨቁ የመጡ ባልና ሚስት። «እግዚአብሔር ይፍታህ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«ልሰጠው የያዝኩት ነገር የኔ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ» አሉኝ። «እግሬ ግን አልቆመም። ወደ ታች መውረዱን ቀጠለ።»

መታጠፊያው ላይ ሌሎች ሴቶች መጡ፤ ስርጉት ጨውና ላምባ ተሸክማ በመሃላቸው ናት። ሴቶቹ ተራ በተራ ተሳለሙ። እሷ ብትቀር ሊያዩባት ነው። ሸክሟን አወረደችና ጎንበስ አለች። አጎቴ መስቀሉን ግንባሯን አስነኩ፣ ከንፈሯን አስነኩ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ያሉት እንኳ በቅጡ አልተሰማም።

ሴቶቹ ቀደም ብለው ሄዱ። ስርጉት ሸክሟን የምታስተካክል መስላ ቀረችና፣ ቀና ሳትል፣ «አባ፣ ይመለሱ» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«ይመለሱ። እኔ ይህን እጅ ከዚህ ሁሉ ሰው ነጥቄ የት እገባለሁ? እኔም እኮ ተሳላሚ ነኝ።»

ሸክሟን አንስታ ሴቶቹን ተከተለች።

«ሰይጣን በሴት ይመጣል» እያሉ የሚያስፈራሩን ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ቆመው ባዩ ደስ ባለኝ። ጸጋስ በማን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? አጎቴ ራሳቸው ብርቱ ነበርኩ አይሉም። «እኔ ጨርሼ ነበር የወጣሁት። የያዘኝ እግዚአብሔር ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ሰዎች፣ በመጨረሻም በሷ» ይላሉ። ዳገቱን ተመልሰው ወጡ። በማግስቱ ቀደሱ።

«ከዚያ በኋላስ ቀለለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ታሪክ ሲያምር ደስ ይለኛል።

«ማን ቀለለ አለሽ! ቤቱ ያው ቤት ነው። ጸጋ ብርዱን አያጠፋውም፤ ለዛሬ የሚሆንሽን ይሰጥሻል፣ ነገ ደግሞ ተነሥተሽ ትለምኛለሽ።»

ስርጉት ብዙም አልቆየች፤ አንበሳሜ ተመልሳ አንድ እህል ነጋዴ አገባች። ሴት ልጅ ስትወልድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልታስነሣት እስከ አባቷ አገር ድረስ ይዛት መጣች፤ አንበሳሜ ላይ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ይመስል። ያጠመቁት አጎቴ ናቸው። ሕፃኗ በውኃው ብርድ ስትጮህ ጋቢያቸውን አለበሷት። እናትየው ልጇን ተቀበለች፣ መስቀሉን ተሳለመች፣ ከዚያም ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባ፣ ዛሬስ ምን በሉ?»

«ገና ነኝ ልጄ» አሏት።

እሷም ልጇን አቅፋ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

«ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ» አሉኝ አጎቴ፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «አልዋሽሽም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ግን ቀድሼ፣ ልጇን አጥምቄ፣ እሷንም አሳልሜ ነው ያለቀስኩት።»

ይህን ብለው ከረመጡ ሁለት ድንች አወጡና ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።