አክስቴ የመረጠችው ጣራ

ሚስማር ከቆርቆሮ ላይ ሲነቀል የሚያወጣውን ሲጥጥታ ታውቁታላችሁ? እኔ ዛሬም የትም ሆኜ ስሰማው ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ወዲያው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለው ማንያታ ሰፈር ይመጣብኛል፤ አቧራው፣ የናፍጣው ሽታ፣ የአክስቴ ወጥ።

አክስቴ ለጭነት መኪና ሾፌሮች ምግብ ትሸጥ ነበር። ከፊት እንሠራበታለን፣ ከጓሮ እንኖርበታለን፤ ቤቱ የኪራይ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ተበሳስቷል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ ሾፌሮቹ ሳህናቸውን ይዘው ደጅ ይወጡ ነበር።

አከራያችን ልጁን ሊድር ተነሣ። ለሙሽሮቹ ቤቱን እንደሚፈልገው ሰፈሩ ሁሉ ያወራል፤ ግን የቆየ ተከራይን እንዲሁ ውጣ ቢሉት ሽማግሌ ይቆጣል። እሱም ስለ መውጣት ትንፍሽ አላለም። ፈገግ እያለ መጥቶ ጣራውን ሊቀይርላት እንደሆነ ነገራት።

"ማማ፣ ማባቲውን አንቺ ምረጪ፤ የምትኖሪበት አንቺ ነሽ" አላት፤ ማባቲ የሚለው ቆርቆሮውን ነው።

አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ እሱ ነው። አክስቴ እኔን አስከትላ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ቆርቆሮውን ሁሉ በጣቷ እያንኳኳች ባለሱቆቹን አሰለቸቻቸው። ሰማያዊውን ፀሐይ ያነጣዋል አለች። በመጨረሻ ላዩ አሸዋ የተረጨበትን፣ የጣራ ሸክላ የሚመስለውን ቡናማ መረጠች፤ ሙቀት አያሳልፍም ብለዋታል። የዚያን ዕለት እያንጎራጎረች ድስት አጠበች። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ጣራ የሚሠሩት ፉንዲዎች መጡ። አሮጌውን ቆርቆሮ ሲነቅሉ ውለው በጋሪ ጭነው ሄዱ። ምሳቸውን ያበላቻቸው እሷ ናት፤ ሥጋ ሥጋውን እየመረጠች። ነገ እንመለሳለን ብለው በዚያው ቀሩ። አከራያችን መጀመሪያ ዕቃው መንገድ ላይ ነው አለ፣ ቀጥሎ ናይሮቢም ጠፍቷል አለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አክባሪ ነበር። ዱቄቱ ቦካ፣ ፍራሹ ራሰ፣ ሾፌሮቹ ሌላ ቤት ለመዱ። ሽማግሌዎቹን ብንጠይቅ፣ ሰውዬው ቤት ያድሳል እንጂ ማንን አስወጣ አሉን። አክስቴ ላስቲክ ወጥራ ከሥሩ ተቀመጠች። ሌሊት ሌሊት ማሳል ስትጀምር ዕቃውን እኔ ሸክፌ ሰፈሩ ጫፍ ወዳለ አንድ ክፍል አስገባኋት። ምግብ ቤቱ በዚያው አከተመ።

ወዲያው እንደወጣን ጣራው ተመታ። ቡናማው፣ እሷ የመረጠችው። ሰውዬው ሌላ ለመፈለግ እንኳ አልደከመም።

ከሠርጉ በኋላ አክስቴ ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት አለች። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ልጅቷ ምን አጠፋች ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ሙሽራዋ ማንነታችንን አታውቅም፤ ሻይ አቀረበችልን። የቤቱን ቅዝቃዜ እያደነቀች፣ ጣራውን ማን እንደመረጠው ባታውቅም ዓይን ያለው ሰው መሆን አለበት አለች።

"እኖርበታለሁ ብሎ የመረጠ ሰው ነዋ፣ ልጄ" አለቻት አክስቴ።

ከዚያ ግንባሯን ስማት ወጣች። እኔ አልሳምኳትም።