ለፈተናው የጠጡት

ወገዳ ላይ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ዲሬክተሩ የፈተናውን ወረቀት ሊያመጣ ደብረ ታቦር ሲሄድ ቁልፉን ሁሉ ለእኔ ትቶ ሄደ፤ የመድኃኒት ሳጥኑንም ጭምር። ሳጥኑ ውስጥ አዮዲን፣ ጥጥና ጥቂት አስፕሪን ነበር።

ፈተናው ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ሰሞን ልጆቹን ምን እያልኩ እንደከረምኩ አልደብቅም። «የወደቀ ወደ ሞፈሩ፣ የወደቀች ወደ ባሏ!» እላቸው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሴት አንዲት ብቻ ናት። አባቷ ሞቶ አጎቶቿ ሊድሯት ሲነሱ፣ እናቷን ደጅ ጠንቼ «ይችን ዓመት ብቻ ይታገሱኝ» ብዬ ያስቀረኋት እኔው ነኝ። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ግን አልያዝ ብሏት ትጨነቅ ነበር።

ያን ቀን ጧት ደወል ተደውሎ ሲገቡ፣ አንዱ ልጅ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ። በዕድሜ ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ቤተ ልሔም ገዳም የዜማውን ትምህርት፣ ድጓ ሲማር ቆይቶ ነው ወደ እኛ የመጣው።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ከፊቱ ካለው ባዶ አየር ላይ አንድ ነገር በሁለት ጣቱ እየለቀመ መዳፉ ላይ ያጠራቅም ጀመር። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ልጆቹ ሳቁ። እኔም የሚያሾፍ መስሎኝ ተቆጣሁ።

ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጋሼ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው አይታየኝም» አለች። ድምጿ ሻክሯል። አንድ እርምጃ እንደተራመደች ወለሉ ላይ ወድቃ ትንፈራገጥ ጀመር።

ዘልዬ ያዝኳት። ግንባሯ ፍም ነው። የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗን ሞልቶታል። ማጅራት ገትር ነው ብዬ ሌሎቹን ልጆች ወደ ውጭ አባረርኩ። አስፕሪን ላውጣ ብል ጥርሷ ገጥሟል። የአራተኛ ክፍሉ አስተማሪ ወደ ክሊኒኩ በረረ፤ ሲመለስ ከሩቅ በእጁ «የለም» አለኝ። ድሬሰሩ ለፈንጣጣ ክትባት ገጠር ወጥቷል።

በሩ ላይ አንድ የክፍሉ ልጅ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

«ጋሼ፣ አብሾ ጠጥተው ነው።»

«ምን?»

«አብሾ። የቆሎ ተማሪ ለቃል ትምህርት የሚጠጣውን ዕፅ። እሱ፣ የድጓ ተማሪው፣ በጠበጠልን። የጠጣው ሰው የሰማውን አይረሳም አለን። እኔን መሮኝ ተፋሁት። እሷ ግን የእኔንም ድርሻ ጨምራ ጠጣች።»

ልጆቹን ለባልደረባዬ ትቼ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሮጥኩ። የቅኔው መምህር ከጉባኤያቸው መሐል ተቀምጠው ነበር። ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«መቼ ጠጡት?»

«ጎሕ ሲቀድ ነው አሉ።»

«እንግዲያ ደማቸው ውስጥ ገብቷል» አሉና ተነሡ።

«የኔታ፣ ማርከሻው ምንድን ነው?»

«ልጄ፣ አልዋሽህም። እርጎ ይሰጣል ይላሉ፤ ሲያድንም አይቻለሁ፣ ሳያድንም አይቻለሁ። በተማሪነቴ አንድ ጓደኛዬን ቀብሬበታለሁ።» መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

እንደደረሱ ልጁን በገዛ ኩታው ከምሰሶው ጋር አሰሩት። «ገደል ይገባል» አሉ። ልጁ ውዳሴ ማርያም እያዜመ፣ መሐል ላይ እያቆመ የማናየውን ሰው ይሳደብ ነበር። ልጅቱን ጨለም ካለው ጥግ አስተኝተን የምንጭ ውሃ ራሷ ላይ አፈሰስን፤ የመጣውን እርጎ መዋጥ አልቻለችም። ግንባሯ ላይ ያኖርነው እርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይሞቃል። አንድ ጊዜ ነቃች ብዬ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። የማባዣ ሰንጠረዥ ነበር የምትለው። ሰባት በስምንት ሃምሳ ስድስት፣ ሰባት በዘጠኝ ስልሳ ሦስት። አልተሳሳተችም። ከዚያ እንደገና አንፈራገጣት።

እናቷ መቀነታቸው ተፈቶ እየተጎተተ ደረሱ። «ጋኔን ነው! ልጄን ለጠበል ስጡኝ!»

«እናቴ፣ የጠጣችው ነው። ሐኪም ቤት እናድርሳት።»

«ሐኪም ቤቱ የት ነው አስተማሪ? የት ነው?»

ደብረ ታቦር በእግር ሁለት ቀን ነው።

«ጠበሉም በዚያው መንገድ ነው» አሉ የኔታ። «ተነሡ።»

ልጁን ለባልደረባዬ ትተን ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ቆረጥን፤ ጋቢ አሰርንበት። ከገበያው ስምንት ሰው ደረሰልን፤ አንዱ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የመጣው። አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ በረባዳው ወረዱ። መንገዱ ድንጋይ ነው። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ ድንጋይ አነሳ ነበር፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። እናቷ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አስገብተው የልጃቸውን እግር እንደያዙ ይራመዳሉ። ጠበሉ ጋ ደርሰን ረጯት፤ አልነቃችም። ቀጠልን።

ከአቀበቱ ወገብ ላይ ተሸካሚዎቹ ቆሙ።

«አትቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ተራመዱ። ደግመው ቆሙ። «አትቁሙ አልኳችሁ! ውኃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ለምን ትቆማላችሁ!» እያልኩ የአንዱን ትከሻ ገፋሁት። የኔታ ክንዴን ያዙ።

«ያውርዷት፣ ልጄ።»

ወደ እናቷ ዞርኩ። እግሯን አልለቀቁም። «ከቀዘቀዘች ቆየች» አሉ። «እናንተ ስትደክሙ አይቼ ዝም አልኩ።»

ልጁ በሦስተኛው ቀን ልቡ ተመለሰ። ምንም አያስታውስም። ከምሰሶው ሲፈታ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ፈተናው አለፈኝ?» ብሎ ነው። አልፎት ነበር። የሷን ወሬ ሲሰማ ሌሊቱን የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ፤ ወደ እስቴ ሲሻገር ያየው አለ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ፈተናውን የፈተንኩት እኔ ነኝ። የእሷን ወረቀት ባዶውን አሽጌ መለስኩ።

ለቅሶ ቤት መሄድ ፈርቼ ሦስት ቀን ዘገየሁ። ስገባ አጎቶቿ ፊታቸውን አዞሩ። እናቷ ግን ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ። «ያ ፈተና ምን እያለ ነው የሚጠይቀው?»

«የወንዝ ስም ይጠይቃል፣ እናቴ። የነገሥታት ስም። ሒሳብም አለው።»

«ወንዝማ» አሉ፣ «እኔንም ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።»