በዳሽቦርድ ላይ የደረቀ ሮማን

ጠርሙሱን ያገኘሁት ባለፈው ቅዳሜ ማቀዝቀዣውን ሳጸዳ ነው። ከአዋዜው ዕቃ ጀርባ ተደብቆ፣ ክዳኑ ተጣብቆ ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ስከፍተው ሽታው ወጣ፤ መራራ፣ ሳይቀምሱት ምላስ የሚያደርቅ፣ ፀሐይ የመታው ቆዳ የሚመስል። የሮማን ልጣጭ ነው። ያ አሮጌ ታክሲ በራችን ላይ የቆመ መሰለኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ በሚገኝ አፓርትመንት ከእናቴ ጋር ለሁለት እንኖር ነበር። ከአገር ስንወጣ አራት ዓመቴ ስለነበር አማርኛ እናገራለሁ፤ ማንበብ ግን ያኔ አልችልም ነበር። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛውን ትግባባበታለች እንጂ አታነበውም። ስለዚህ ቤታችን የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር፤ የሐኪም ቀጠሮ፣ የአከራይ ደብዳቤ፣ የብስኩት ካርቶን ሳይቀር። ደቃቅ ጽሑፍ እወድ ነበር። ያልገባኝን ቃል ሳልፈልግ አልተኛም።

በዚያ ዓመት እናቴን አንጀቷን ያማት፣ ደም ያስቀምጣት ጀመር። የምትሠራው ፓርኪንግ ውስጥ ነበር፤ የመስታወት ቡዝ ውስጥ ተቀምጣ ትኬት ትቀበላለች። መጸዳጃ ቤቱ ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ነው። "ቡዙን ለማን ትቼ ልሂድ?" ትለኝ ነበር። ሐኪም ቤት የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። "አንጀቴ አረረ በለው" አለችኝ። ሕመሟን ትንገረኝ ሐዘኗን አልለየሁም፤ "ያቃጥላታል" ብዬ አለፍኩት። ሐኪሙ የትልቁ አንጀት ብግነት ነው አለ። ደሙም ከዚያ የሚመጣ ነው፤ ያዘዘላትን ካፕሱል ካቋረጠች ይብስባታል። "ሳታቋርጥ" የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናገረ። ሁለት ጊዜ ተረጎምኩት።

ሽማግሌው ሕይወታችን ውስጥ የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ከኛ ጀርባ ያለ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ነበሩ። አሁን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ያኔ በልቤ አንተ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ አንድ የሮማን ዛፍ ነበር። ታክሲያቸው ከሰፈር አይወጣም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ግን ሁልጊዜ የሮማን ልጣጭ ተሰጥቶበታል። የሎስ አንጀለስ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ በሦስት ቀን ታደርቀዋለች። ልጣጩን ቀቅለው፣ ፍሬውን ጨምቀው፣ በጠርሙስ ያመጡላታል። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ አማርኛ ነበረበት።

"ምን ላስቸግርዎት ጋሼ" ትላለች እናቴ።

"ለአንጀት ከዚህ የሚሻል የለም። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ።"

አላመንኳቸውም። ለምን በነጻ ያመጣል? ለምን እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ይመጣል? ለምን አንዱ ጠርሙስ ቀይ፣ ሌላው ቡናማ ይሆናል? ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ ማለት ይቻላል። የሮማን ጭማቂ ለአንጀት ብግነት ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው፤ ምናልባት ይረዳ ይሆናል፣ መድኃኒት ግን አይተካም። ደብተር ገዛሁና ቀኑን፣ ቀለሙን፣ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ልክ እመዘግብ ጀመር። አንድ ቀን በር ላይ ጠበቅኳቸው።

"ቀለሙ ለምን ይለያያል?"

"ኢንስፔክተር መጣ!" አሉ። "ቀዩ ፍሬው የበዛበት፣ ቡናማው ልጣጩ የበዛበት። ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይገባበታል?"

"ምራቄ።"

እናቴ ከውስጥ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ደብተሬ ላይ "አልመለሰም" ብዬ ጻፍኩ።

የነቢያት ጾም ዋዜማ አዲስ የካፕሱል ብልቃጥ ከፋርማሲ አመጣሁላት። እንደ ልማዴ አብሮት ያለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፤ ካፕሱሉ ከምን እንደተሠራ ሳይቀር። "እንዲህ ነው?" አለችና ክዳኑን ገጠመችው። እኔ ወደ ቤት ሥራዬ ሄድኩ።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ፊቷ ገረጣ። ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ብልቃጡን አውጥቼ ካፕሱሎቹን ቆጠርኩ፤ ስልሳ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስልሳ። የሮማኑ ጠርሙስ ግን ተጋምሷል። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሰውዬው መድኃኒቷን አስጥሏታል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አዲስ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣

"መድኃኒቷን ያስተውካት አንተ ነህ" አልኳቸው።

"አንተ! ጋሼን ነው?" ብላ እናቴ ብድግ ለማለት ሞከረች፤ ሆዷን ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች።

እሳቸው አልተቆጡም። ጠርሙሱን እጄ ላይ አኖሩልኝ። "ሶ፣ ኢንስፔክተር፣ አንብበው እስቲ።"

ፕላስተሩን አየሁት። ሰማያዊዎቹን ፊደሎች አንድ በአንድ አየኋቸው። የብስኩት ካርቶን እንኳ የማያልፈኝ እኔ አንዱንም አላወቅኩትም። ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ ቀስ ብለው አነበቡልኝ።

"ሮማን። ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም። ሁሉም ጠርሙስ ላይ አለ።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "አቋርጠሻል እንዴ?"

እናቴ እሳቸውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

"የአሳማ ነው ብሎ አነበበልኝ እኮ።"

ጀላቲን። በዋዜማው ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ቃል እሱ ነበር። ምን እንደሆነ ስልኬ ላይ ፈልጌ፣ ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት እንደሚሠራ፣ ከየትኛው እንደሆነ ወረቀቱ እንደማይናገር ነግሬያት ነበር። በትክክል ነበር የነገርኳት። በትክክለኛነቴም ኮርቼ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ካነበብከው እኔ ምን እጨምራለሁ?"

"ለንስሐ አባትሽስ?" አሉ ሽማግሌው።

"ስለ ሆዴ ምን ብዬ ለአባ ላውራ ጋሼ? ደግሞ ሮማኑ የጾም ነው፤ እሱን እየወሰድኩ ነበር።"

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ "የመኪናችሁን ቁልፍ ያዝ፤ ድራይቭ አድርግ" አሉኝ። እሳቸው ከኋላ ከእናቴ ጋር ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ እጇን ይዘው ስለ ድሮ ተሳፋሪዎቻቸው ሲያወሩላት በመስታወት አያቸው ነበር። ሆስፒታል ሁለት ቀን አስተኟት። መድኃኒቱ ጀላቲን በሌለበት እንክብል ተቀየረላት፤ ጠያቂውም ተርጓሚውም እኔ ነበርኩ። አባም ሲሰሙ፣ "ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም" ብለው ብቻ አለፉት። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ሽማግሌውን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አልኳቸው፤ ይቅርታዬ እሱ የሆነ መሰለኝ። በቀጣዩ ሳምንት የመጣው ጠርሙስ ፕላስተሩ ሰፋ ያለ ነበር። ከአማርኛው ሥር ያው ዓረፍተ ነገር በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎበታል። ሁለት የፊደል ስሕተት ነበረበት። በሕይወቴ ስሕተት አይቼ ያላረምኩት የዚያን ቀን ነው።

ፕላስተሮቹን እየላጥኩ ደብተሬ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ከላይ የማላውቀው፣ ከታች የማውቀው፤ እያስተያየሁ ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ነው። ያለማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል "ጋር" የሚለው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሮማኑ ረድቷት እንደሆነም ዛሬ ድረስ አላውቅም። እንክብሉ እንደረዳት አውቃለሁ። እሷ ሁለቱም ነው ትላለች። ደብተሩ ላይ ያንን ቦታ ባዶ ተውኩት።

በኋላ ሽማግሌው ኖርዝ ሆሊውድ ልጃቸው ቤት ገቡ። መጀመሪያ በየወሩ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ጠርሙስ ይልኩ ነበር። አምና ዐረፉ። ታክሲው ሲጎተት ዳሽቦርዱ ላይ ልጣጭ እንደነበረ እናቴ ነገረችኝ።

ቅዳሜ ያገኘሁት ጠርሙስ የመጨረሻው መሆን አለበት። እጄን አድርቄ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ፕላስተሩ ላይ እንግሊዝኛ የለበትም። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ አማርኛ ብቻ። ማንበብ መቻሌን ማን ነገራቸው?

ወጥ ቤቱ መሐል ቆሜ ጣቴን ከቃል ቃል እያሻገርኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

"ሮማን። ከመድኃኒቱ ጋር። ኢንስፔክተሩ ያንብብልሽ።"

እናቴ ከሳሎን ድምፄን ሰማች።

"ማን መጣ?" አለች።