ፀሐይን በወተት ጣሳ

ለመሆኑ እኔን ከጣሳ ጋር ምን አገናኘኝ? ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ፎቶ ሲያነሱኝ ዓይኔን የምጨፍን አሮጊት፣ ሀርጌሳ መጥቼ የሳይንስ ሰው ሆንኩላችሁ! ሳቁና ስትጨርሱ ስሙኝ። እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ስንዱ ትጽፋለች። አፍራ የዘለለችው ካለ በእኔ አትፍረዱ።

ከቤቴ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ተኩሱ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ሰውዬዬን፣ አያ ታደገን፣ "ተነስ እንውጣ" ብለው "በሬዎቹንስ ለማን?" አይለኝም!

"እንግዲያው ከበሬዎችህ ጋር ኑር!" አልኩና በንዴት ሳጥኔን ቆልፌ፣ ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ወጣሁ። ዞሬም አላየሁት። ደሴ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ወፍራሙ ጋቢው ለካ ሳጥኑ ውስጥ ነው! የኛ አገር ደጋ ነው፣ ክረምቱን ታውቁታላችሁ። "ሳጥኑን ስበረው" ልለው ስደውል ስልክ የለም። መስመሩ ካገሩ ሁሉ ተቋርጧል።

ስንዱ ሀርጌሳ ሰው ቤት ትሠራለችና ወደሷ ቀጠልኩ። ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ አንድ ወረቀት የያዘ ሰውዬ አስቆመኝ።

"ሥራሽ ምንድነው?"

"አያት ነኝ።"

"ዕቃሽስ?"

"ቁልፍ አለኝ።"

"የምን ቁልፍ?"

"የሳጥን።"

"ሳጥኑስ?"

"ወሎ።"

ሰውዬው አየኝ፣ አየኝና "ሂጂ፣ ሂጂ" አለኝ።

ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር፣ ስንዱ የተከራየቻት አንድ ክፍል ገባሁ። ሙቀቱ፣ ልጆቼ! የቆርቆሮው ጣሪያ ቀን ቀን ይጮኻል። ቁርስ ላሆህ ይሰጡኛል፤ እንጀራ መሰለኝና ወጥ ስጠብቅ ስኳርና ዘይት አፈሰሱበት። ጤፍ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን? አሁንማ ሁለት ሁለት እበላለሁ። ከጎናችን ዘነቡ አለች፣ የአርሲ ልጅ፣ ልብስ አጣቢ። እጇ ወርቅ ነው፣ ምላሷ ግን ከበረኪናው ይብሳል።

ጠዋት ጠዋት "ስንዱ፣ ደውይ" እላለሁ።

"አይሠራም እኮ፣ እማዬ።"

"አንቺ ደውይ!"

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ሂቦ የምትባል ልጅ ከረጢት ሙሉ ባዶ የወተት ጣሳ ተሸክማ የመጣችው። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ አድጋ፣ እንግሊዝ አገር ሥዕልና ፎቶ ተምራለች። እኔን "አዬዮ" ትለኛለች፣ በነሱ አያት ማለት ነው።

"አቦ አዬዮ፣ አንድ ውሰጂ።"

"ወተት አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ምን አለው?"

"ፀሐይ ይገባበታል!"

ጣሳውን በመርፌ በስታ፣ ውስጡ የፎቶ ወረቀት ለጥፋ፣ አፉን ደፍናዋለች። ጣሪያ ላይ ይታሰራል። ፀሐይ ባለፈች ቁጥር በዚያች ቀዳዳ ገብታ ወረቀቱ ላይ በቀን አንድ መስመር ትሰምራለች፤ ደመና ሲሆን መስመሩ ይቆረጣል። ክረምቱ ሲያልቅ የሰፈሩን ጣሳ ሁሉ ከፍተን፣ ሰማዩ ምን ሲሠራ እንደከረመ አብረን እናነባለን አለች።

"እኔ ማንበብ አልችልም።"

"ይሄንን ታነቢዋለሽ።"

ልቤን ወሰደችው! አያ ታደገ ያለ ጋቢ የሚያድርበትን ቀን የሚቆጥርልኝ ነገር አገኘሁ።

"ሁላችሁም ቀዳዳውን ወደ ደቡብ!" ብላ አስራልን ሄደች። ገና ከሰፈሩ ሳትወጣ "ስንዱ፣ አገራችን በየት በኩል ነው?" አልኩ። በስልኳ ካርታ አይታ በውሃ ታንከሩ በኩል አሳየችኝ። ወጣሁና ጣሳዬን ወደዚያ አዞርኩት። ከዋሄን ገበያ ባስገዛሁት ሽቦ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ሰውዬዬን ዞሬ ሳላየው መጥቻለሁ፣ ጣሳው እንኳ ይየው ብዬ ነው።

በሳምንቱ አከራያችን ሐጂ ሙሴ መጣ። አማርኛ አሳምሮ ይችላል።

"ጣሪያዬ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ጣሳ።"

"ጣሳ ለምን ይታሰራል?"

"እንዳይሸሽ።"

"አንቺ ሴትዮ! ይቺ ከተማ በአውሮፕላን ስትደበደብ በእግሬ እናንተ አገር የገባሁ ሰው ነኝ። ጣሪያዬ ላይ የማላውቀውን ነገር አልወድም። ወይ ጣሳው ይውረድ፣ ወይ አንቺ ውጪ!"

ቀልዴ ጠፋ። የሳጥኑን ነገር፣ የጋቢውን ነገር፣ ሁሉን ነገርኩት። ቁልፉንም ከመቀነቴ ፈትቼ አሳየሁት። ተቀብሎ አገላበጠው።

"እናቴም ያኔ የቤታችንን ቁልፍ ይዛ ነበር የወጣችው" አለ። "ስንመለስ በሩ የለም።"

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሊያወርደው ነው ስል፣ ሽቦውን አጥብቆ አስሮት ወረደ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሂቦ መጥታ ጣሳዎቹን ግቢያችን ውስጥ ከፈተች። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ጣሪያ አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ፀሐይ የለችም። ሁለተኛውም ያው። አምስተኛው ላይ ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። የእኔን ከፈተችና ጮኸች!

መስመር በመስመር ላይ! ልክ ሸማኔ የዘረጋው ድር ይመስላል፤ እዚህ እዚያ ደመና የበጠሰው፣ ወደ አገሬ በኩል ቁልቁል የሚወርድ። ደመና የበጠሰውንም ሳይቀር በጣቴ ቆጠርኩት።

"አዬዮ! ጣሳሽ ዞሯል!"

"ነፋስ ይሆናል።"

"በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ?"

"እሺ፣ እኔ ነኝ።"

ግንባሯን መታች። "አቦ እኔ ጅሏ! እንግሊዝ አገር ፀሐይ ሁሌ በደቡብ ናት። እዚህ በክረምት በሰሜን በኩል ታልፋለች! እንዴት አወቅሽ?"

"እኛ ገበሬዎች ይሄ አይጠፋንም" አልኩ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ። ስንዱ ሳቋን ልትውጥ ሄደች።

ሂቦ ሥዕሉን አሳድጋ አምጥታ ግድግዳችን ላይ ስትሰቅል፣ ሰፈሩ እልል ሲል፣ ስንዱ ከመሀል "እማዬ! ጠራ! ጠራ!" እያለች ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?" አለ፣ አያ ታደገ።

"እኔ ጋ ነው። ሳጥኑን አልሰበርከውም እንዴ?"

"የእናትሽን ሳጥን? በየትኛው እጄ?"

"በርዶሃል?"

"ትንሽ።"

የሱን ትንሽ አውቀዋለሁ። "ስማኝ፣ አሁኑኑ ስበረ..." ስል መስመሩ ተቋረጠ። ስንዱ እስኪመሽ ብትደውል አልጠራም።

ዘነቡ እርጥብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች።

"ሰውዬውን ክረምቱን ሙሉ በብርድ አስቀምጠሽ" አለች፣ "አንቺ እዚህ ለጣሳ ፀሐይ ትሰበስቢያለሽ!"