ላስታ ላይ የተነከሰ አውራ ጣት

ከወልድያ የተነሣሁት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሰው ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። በእኔ ወረቀት ላይ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ተብሎ ተጽፏል። ጉዳዩ ብርቄ ናት፤ የሟች ወንድሜ ልጅ፣ ገና አምስት ዓመቷ። እናቷም ስላረፈች ላስታ ውስጥ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከእናቷ አባት ከቄስ አድማሱ ጋር ትኖር ነበር። ሽማግሌው «አርጅቻለሁ፤ ኑና ስለ ልጃችሁ እንምከር» ብለው ላኩብን። እኔና ባለቤቴ ጥሩወርቅ ደግሞ ከተጋባን ብዙ ዘመናችን ነው፤ እግዜር ግን ልጅ አልሰጠንም።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ያስተማርሁትን እቤት ድረስ ይዤ የመግባት ክፉ አመል አለብኝ። አንድ ቀን ራት ላይ ለጥሩወርቅ ስለ ኦክሲቶሲን ስደሰኩርላት ነበር። እናት ስትወልድና ስታጠባ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ በጠብታ የሚለቀቅ ሆርሞን ነው፣ ወተቱን የሚያወርደው እሱ ነው፣ እናትን ከልጇ የሚያጣብቀውም እሱ ሳይሆን አይቀርም አልኋት። በመሄጃዬ ቀን፣ እሷ የይለፍ ፈቃድ ስላላገኘች ልትሸኘኝ ብቻ መጥታ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ያ ጠብታህ ላልወለደችስ ይመጣል? ሰው እኮ ‹ያልወለደ አጋድሞ አረደ› ይላል።»

የማስተምርበት መጽሐፍ ስለዚህ የሚለው የለም። ጋቢዬን ሰብስቤ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ከጨው ጆንያ ላይ

ጨው የጫነ መኪና ላይ ነበር የተሳፈርሁት። ከድልብ በላይ ዳገቱ ሲጀምር መኪናው እያቃሰተ ገደሉን ተጠጋ። አጠገቤ ሰይድ የሚባል የመርሳ ነጋዴ ተቀምጧል። ፍርሃቴን ለመሸፈን ማስተማር ጀመርሁ።

«ይኸውልህ፣ ልብህ ሲደልቅ፣ አፍህ ሲደርቅ አድሬናሊን ነው። ከኩላሊት በላይ ካለ ዕጢ የሚመጣ።»

«ወላሂ መምህር፣ እኛ አገር ፍርሃት ነው የምንለው» አለኝ፤ መኪናው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ።

ኩልመስክ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የገብስ ዳቦና ትኩስ ሻይ አገኘን፤ ሰይድ «ለመምህሩ ልብ ማብረጃ» ብሎ የእኔንም ከፈለ። ላሊበላ አድሬ በማግስቱ በበቅሎ ወጣሁ። ይምርሐነ ክርስቶስ ስንቃረብ ጥዱ ጥቅጥቅ ይላል፤ ከገደሉ የሚወርደው አየር ንጹሕ ነው፤ ደስ አለኝ፤ በቅሎዋ ላይ ሆኜ ዘፈንሁ።

ማሩ

ብርቄ ከአያቷ ጋቢ ኋላ ተሸሽጋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። የያዝሁላትን ቀይ ጫማ አልነካችም። ከረሜላውን ተቀብላ ለአያቷ አጎረሰቻቸው። ልቅረብ ስላት ትሸሻለች፣ ስሸሽ ትከተለኛለች።

ቄስ አድማሱ ቁርጡን ነገሩኝ። «ልጄ፣ አልቅሳ እንድትወጣ አልፈቅድም። እሑድ በእግሯ ከወጣች የእናንተ ናት፤ ካለቀሰች ግን በመጣህበት ብቻህን ትመለሳለህ።»

አርብ አለፈ፤ ምንም የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው «እንግዲያ የጡት ልጅ አድርጋት» አሉ። የሰውን ልጅ ልጄ ብሎ የሚያሳድግ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ የጡት ልጅ ነው፣ ከተወለደው አይለይም።

«ላል እኮ በድሮው አገውኛ ማር ማለት ነው» አሉኝ። «ከላሊበላ አገር ማር ሳይቀመስ ዝምድና የለም።»

ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ነጭ ማር በቅል ቀረበ። እኔ ባለጢሙ ሰውዬ፣ ጡት የሴት ነው ብዬ ስንቱን ተማሪ ያስተማርሁ፣ አውራ ጣቴን ነክሬ ተንበረከክሁ። ማሩ አሸነፋት መሰለኝ፣ ብርቄ ቀስ እያለች መጣች። ዓይን ዓይኔን እያየች ማሩን ጥርግ አድርጋ ላሰችው። ከዚያ ቅርጥም!

«ዋይ! እናቴን!» ብዬ ዘለልሁ። ጋቢዬ ወደቀ፣ የጠላው ዋንጫ ተገለበጠ፣ እኔ ጣቴን ይዤ እንጣጥ እንጣጥ እላለሁ። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርቄ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች። እስኪያንቃት ሳቀች። ከመጣሁ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለነገሩ ጣቴ ቀደም ብሎ አይቶታል።

ከዚያ ወዲያ አልተለየችኝም። በየመካከሉ እየመጣች እጄን ገልብጣ ታያለች።

«ያምዎታል?»

«በጣም!» እላለሁ፤ ዋሽቼ።

«እፍ… እፍ…» ትላለች፣ ጉንጯን ነፍታ። ማታ ሳትተኛ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ዓይኗን ሳትታጠብ አንድ ጊዜ።

እሑድ

በቅሎዋ ተጫነች። ጎረቤቱ ወጣ። ቄስ አድማሱ የብርቄን እጅ ይዘው «ልጄ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ከኔ ጋር ትቀሪያለሽ?» አሏት። አያቷን አየች፣ እኔን አየች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀልኝ አልሁ፤ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ ባዶ እጄን ስታየኝ ታየኝ።

«አባባ» አለች ብርቄ፣ «መንገድ ላይ ጣታቸውን ማን እፍ ይልላቸዋል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ሳቁ። «እኔማ አልችልም፤ ትንፋሽ የለኝም።»

ቀዩን ጫማ አጠለቀችና በእግሯ ወጣች። ለፋሲካ እንደማመጣት ለአያቷ ማልሁ፤ እሳቸውም ለመንገድ ብለው ትንሽ ቅል ማር ሰጧት።

ቁልቁለቱ

መኪናው ድልብ ላይ ቁልቁል ሲወርድ ብርቄ ገደሉን አየችና ክንዴን ጨመደደች።

«አባዬ፣ ያዘኝ!»

ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ወረድሁ፤ እንዲህ ያለ ከሹመት መሻር ለሁሉም ይድረሰው! ጋቢዬ ውስጥ አስገብቼ አቀፍኋት። ደረቷ ደረቴ ላይ ይደልቃል። ጥቂት ቆይቶ ቀዝቀዝ አለ፤ የኔም ልብ፣ ያ ስወጣ ያሳፈረኝ ልብ፣ አብሮ በረደ። ያኔ መጽሐፌ ኦክሲቶሲንን ከምጥና ከጡት አያሳልፈውም ነበር። ዛሬ ምሁራኑ የሚወዱትን ማቀፍም ጠብታውን ሊጠራው ይችላል፣ በወንዶችም ገላ ይገኛል፣ ጭንቀት የሚያመጣውን ኮርቲሶልንም ሊያበርድ ይችላል ይላሉ። ያን ቀን ይህን አላውቅም፤ ብቻ ገደሉ ጠፍቶኝ ወልድያ ገባሁ።

ጥሩወርቅ በር ላይ ነበረች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ መሬት መሬት ታያለች። ሴትዮዋ ፈርታለች። ብርቄም ጫማዋን እያየች ቆመች።

ከዚያ ብርቄ ቅሏን ከፈተች፤ ትንሿን አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችና ወደ ጥሩወርቅ አፍ ተንጠራርታ ዘረጋች።

«ጥቢ» አለቻት። «ግን እንዳትነክሺ።»

ጥሩወርቅ ተንበርክካ ጠባች፤ እንባዋና ማሩ አንድ ላይ ወረደ። ስለ ጠብታው ከዚያ ቀን ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም።